የሌለኝ አጎት የሞተ ዕለት

እኔ አርሲን የማውቃት በለቅሶ ነው። ሌላው ሰው አገሩን በገበያው፣ በጠላ ቤቱ፣ በወንዙ ያውቃል። እኔን ኢተያ ብትሉኝ ትዝ የሚለኝ የባለቤቴ አጎት ሲቀበሩ የወረደው ዶፍ ነው። ሳጉሬ የአክስቱ ሰልስት ናት። ጢቾ የወንድሙ አማት ተዝካር ነው፤ ያውም የተሳፈርንበት ላንድሮቨር መንገድ ላይ ተበላሽቶ ስንደርስ ሰዎቹ ድንኳን እያፈረሱ ነበርና፣ ለምሰሶው አልቅሰን ተመለስን። የአርሲ ስንዴ ነፋስ ሲያስተኛው እንዴት እንደሚያምር ሰዎች ይነግሩኛል። አይቼዋለሁ እኮ፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ በእንባ ውስጥ።

ዘመደ ብዙ ሰው አገባች ተብሎ እልል ሲባልልኝ፣ ዘመድ የበዛለት ሰው ሟችም እንደሚበዛበት የነገረኝ አልነበረም። ባለቤቴ ታምሩ ደግሞ ለቅሶ አያመልጠውም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ዘመዶቹንም እንደ ፋይሎቹ በተራ ደርድሮ ነው የያዛቸው፤ ማን ታመመ፣ ማን ተሻለው፣ የማን ተራ ደረሰ።

አንድ ቀን ከአንዱ ቀብር ተመልሰን፣ ጭቃ የጠጣ ጫማዬን ሳላወልቅ ደረቴን ነፍቼ ፊቱ ቆምኩ።

«ታምሩ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው የሞተበት ቦታ ሁሉ ወስደኸኛል። እስቲ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ማንም ያልሞተበት ቦታ ውሰደኝ።»

አሰበ። ጺሙን አሻሸ። ጣሪያውን አየ።

«እንደ የት ያለ?» አለኝ።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ሰውዬው በዚህ ሁሉ ሰፊ አገር ሰው ያልሞተበት ቦታ ማሰብ አቃተው። በዚያች ቅጽበት ልቤ ቆረጠ። እንግዲህ ወይ ይወስደኛል፣ ወይ ደግሞ የፈለገው ዘመዱ ቢሞት ከደጄ ንቅንቅ አልልም አልኩ። ለታምሩ ይህ ቀላል ዛቻ አይደለም። ሚስቱ ለቅሶ የማትደርስ ሰው በወገኖቹ ፊት ምን ተብሎ እንደሚታይ ያውቃል። እኔ ያልኩትን እንደማደርግም ያውቃል።

ቦታውን ያገኘችልን ልጃችን አስቴር ናት። ያኔ አሥር ዓመቷ ነው። አስተማሪያቸው ከሳጉሬ በላይ፣ ጫካው መሀል፣ ትልቅ ኩሬ አለ ብሎ ነግሯቸዋል። ዙሪያውን ዝግባ ነው፣ ጉሬዛ ይዘላል፣ ድኩላ ውሃ ይጠጣል፤ መንግሥትም ለሕዝብ መዝናኛ ይሁን ብሎ ሰሌዳ ተክሎበታል። ታናሽ ወንድሟ ዳንኤል ጉሬዛ የሚለውን ሲሰማ ማንኪያውን ከወጡ ውስጥ ጥሎ ተነሣ። ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከሰፈር ድመትና ከነጋዴ አህያ ሌላ አውሬ አይቶ አያውቅም።

ለጎረቤት አልተናገርኩም። በዚያን ጊዜ አሰላ ውስጥ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ለመዝናናት ጫካ የሚሄድ ሰው የለም። ጫካ የሚኬደው እንጨት ለመልቀም፣ የጠፋ በሬ ለመፈለግ፣ አለዚያም ለመደበቅ ነው። ጉሬዛ ለማየት ልሄድ ነው ብዬ ብናገር «ለምን በሽታ መድኃኒት ይሆናል?» ነው የሚሉኝ። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ ዝም አይነቅዝም። ይህቺ ዝምታዬ በኋላ ምን እንዳመጣች ታዩታላችሁ።

የቀረው የቀበሌው ወረቀት ነው። የደርግን ዘመን ያላያችሁ ልጆች ይህን አታውቁም። እሑድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ የቀረ ሰው ስኳርና ሳሙና ሲታደል ስሙ ይዘለላል። ከከተማ ለመውጣትም የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ላይ «ምክንያት» የምትል ጠባብ ቦታ አለች። እዚያች ላይ ሲጻፉ የኖሩት ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ ሕክምና፣ ፍርድ ቤት፣ ለቅሶ። መዝናናት የሚባል ቃል ያችን ቦታ ረግጧት አያውቅም።

«እውነቱን ንገራቸው» አልኩት ታምሩን። «ሰሌዳ ተክለው የሰፊው ሕዝብ መዝናኛ ብለዋል፤ እኛም ሰፊው ሕዝብ ነን፤ ልንዝናና ነው በላቸው።»

ታምሩ ሄደ። ታምሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ማኅተም ሲያይ ግን ወገቡ ይታጠፋል። ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ በደረት ኪሱ ይዞ መጣ።

«ፈቀዱ?»

«ፈቀዱ።»

«ምን አልካቸው?»

«ያው፣ ያልሽኝን» አለና ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ጫማው ክር የለውም። ይሄኔ መጠርጠር ነበረብኝ፤ እኔ ግን ጭኮ እያሸሁ ነበርና ልቤ ከገብሱና ከቅቤው ጋር ነው።

እሑድ ገና ወፍ ሲንጫጫ ወጣን። መሶብ ሙሉ ጭኮ፣ ድፎ ዳቦ፣ እርጎ በቅል፣ አንድ አሮጌ ብርድ ልብስ። እኔ ከሠርጌ ወዲህ ያላሰርኩትን ቀይ ሻሽ አስሬአለሁ፤ ታምሩ ነጠላ ደርቢበት፣ ይበርድሻል ብሎ ለመነኝ። ባሌ አሰበልኝ ብዬ ደስ አለኝ። አይ ሞኝነት።

ኬላው ላይ አንድ ወታደር ወረቀቱን አንብቦ ቆቡን አወለቀ።

«እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አለ።

ጉሬዛ ሊያይ ለሚሄድ ሰው እንዲህ ይባላል እንዴ ብዬ ገረመኝ። ዳገቱን አስቦ ይሆናል አልኩ። «አሜን፣ አንተንም» ብዬ ሳቅሁለት። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ቀረ። የተሳፈርንበት ላንድሮቨር ውስጥ ያሉትም ሰዎች ሁሉ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፤ አንዲት ሴትዮ ሳታውቀኝ ትከሻዬን ደባበሰችኝ። የአርሲ ሰው እንዴት ደግ ነው እያልኩ ሳጉሬ ገባሁ።

ከሳጉሬ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ነው። ጫካው ጫፍ ላይ ሰሌዳው ቆሟል። «የሰፊው ሕዝብ መዝናኛ ፓርክ» ይላል በቀይ ቀለም። ከሥሩ እንጨት መቁረጥ፣ እሳት ማንደድ፣ ልብስ ማጠብ፣ ፎቶ ማንሳት፣ መሰብሰብ ክልክል ነው ይላል። ከሰሌዳው አጠገብ ሦስት እግር ያለው አግዳሚ ወንበር ቆሟል። ታምሩ ተቀመጠበትና ወደቀ። ልጆቹ በአባታቸው ሲስቁ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ፤ ታምሩም ሣር ላይ እንደተንጋለለ ራሱ ሳቀ።

ከዚያ ኩሬው ዘንድ ደረስን።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ዝግባዎቹ ሰማይ ድረስ ቆመው ሽበት የመሰለ ጺማቸውን ወደ ውሃው አንጠልጥለዋል። ውሃው አይንቀሳቀስም፤ ይብራ የሚባሉት የውሃ ወፎች ብቻ እየዋኙ ይሰነጥቁታል። ላያችን ላይ ቅርንጫፍ ተንኮሻኮሸና ዳንኤል እጄን ጨምድዶ ያዘኝ። ጉሬዛ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ሰባት፣ ጥቁር ላይ ነጭ ካባቸውን እየነሰነሱ ከዛፍ ዛፍ ተሻገሩ። አንዲቷ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋለች፤ ልጇ ፀጉሩ ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው። አስቴር እንባዋ ቅርር አለ። ከወዲያ ማዶ ድኩላ ብቅ አለች፣ አየችን፣ ንቃን ጠጣች።

ጫማዬን አወለቅሁ። ነጠላዬን ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኩ። ቀሚሴን ሰብስቤ እግሬን ውሃው ውስጥ ነከርኩና ዘፈንኩ። እኔ ነኝ የዘፈንኩት፣ እኔው። ሠላሳ አራት ዓመት በዚህ ምድር ኖሬ እንደዚያች ሰዓት ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህን ስል የሠርጌንም ቀን ጨምሬ ነው፣ ታምሩም ያውቀዋል።

ጭኮውን ቆርሼ ለዳንኤል ላጎርሰው ስል፣ ከወደ ታች የመኪና ድምፅ ሰማሁ። እንጨት የሚጭኑ መኪናዎች የሚያልፉበት መንገድ እዚያ ድረስ ይወጣል። ከመኪናው ድምፅ በላይ ሌላ ድምፅ አለ። ያን ድምፅ ተኝቼም አውቀዋለሁ። የሴቶች ለቅሶ ነው።

«አየህ» አልኩት ታምሩን፣ «እዚህም ሰው ሞተ።»

ታምሩ ፊቱ አመድ ሆነ። ዘሎ ተነሣ፣ ነጠላዬን ከቅርንጫፉ መነጨቀ፣ ቀይ ሻሼን ከራሴ ላይ ገፈፈ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ አለበሰኝ።

«አልቅሺ» አለኝ።

«ማንን?»

«አጎትሽን።»

«እኔ አጎት የለኝም።»

«የለሽም፤ ግን ትናንት ሞቱ» አለ ባሌ።

ጉዱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረኝ። ቀበሌ ሄዶ፣ መዝናናት ሊል አፉን ከፍቶ፣ ማኅተሙን ሲያይ ከአፉ የወጣው ለቅሶ ነው። የማን ሲሉት የባለቤቴ አጎት ብሏል። የራሱን ዘመድ ልግደል ቢል ሁሉንም ሰው ያውቃቸዋል፤ ስለዚህ ከእኔ ወገን የሌለ ሰው ፈጥሮ ገደለ። የረሳው ነገር ቢኖር የቀበሌው ጸሐፊ የዕድራችን አባል መሆኑን ነው። በኋላ እንደሰማነው፣ እኛ ጎሕ ሲቀድ ስንወጣ ጡሩምባው ከኋላችን ተነፋ። ዕድሩ የአባል ለቅሶ ሩቅ ቢሆን ሰው መላክ ልማዱ ነው። የአንድ እህል ነጋዴ ኤንትሬ የጭነት መኪና ተለመነ፣ ድንኳኑ ተጫነ፣ ሰዉ ተሳፈረ። የመጣነውን መንገድ በመሶባችን ምልክት እየጠየቁ ተከተሉን። እኔም ለጎረቤት ትንፍሽ ብል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ።

ኤንትሬው ኩሬው ዳር ቆመና ዕድራችን በሙሉ ወረደ። «ወይኔ ወንድሜን» ይላሉ፣ አጎቴን ማለታቸው ነው። ጉሬዛዎቹ በአንድ ጊዜ ጠፉ። ይብራዎቹ ተነሡ። ድኩላዋም የለችም። ዳንኤል ይህን ሲያይ መሬት ላይ ተንከባለለና አለቀሰ፤ እንዲህ ያለ ለቅሶ ከዚያ ልጅ ሰምቼ አላውቅም።

«ሄዱብኝ፣ ሄዱብኝ» ይላል።

«ውይ የኔ ጌታ» አለች አንዷ ደረቷን እየደቃች፣ «ሕፃኑ እንኳ አልቻለም።»

ሁሉም እላዬ ላይ ተከመሩ። እኔ እንደ ግንድ ቆምኩ። ታምሩ ከጎኔ በክርኑ ይጎስመኛል። አላለቅስም። ያችን አንዲት ቀን ለምኜ፣ ዝቼ፣ ጭኮ አሽቼ አግኝቻታለሁ፤ አያቴ ባልወለደችው ልጅ አላበላሻትም። ጎስመኝ እንጂ፣ የጎድን አጥንቴ ይሰበር እንጂ፣ አንዲት ጠብታ አታገኝም አልኩ በሆዴ።

ከሴቶቹ ኋላ እትዬ ዘነበች መጡ። እትዬ ዘነበች የእናቴ ጎረቤት ናቸው፤ ታቅፈው አሳድገውኛል። ልጃቸው ደረጀ በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ወጣት ሁሉ እየተለቀመ በሚወሰድበት ጊዜ፣ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ሬሳውን አልሰጧቸውም። ማልቀስ የለም፣ ጥቁር መልበስ የለም፣ ድንኳን መትከል የለም ተብሎ በር ላይ መጥተው ነገሯቸው። ዕድሩም ፈራ፤ ጡሩምባ አልተነፋም። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሆነ። እትዬ ዘነበች ለሰው ሁሉ ለቅሶ ይደርሳሉ፤ ዓይናቸው ግን ደረቅ ነው። የሚመጡት የሰው ጥርስ ውስጥ ላለመግባት ነው ይሉ ነበር ወሬኞች። እኔ እንደዚያ አይመስለኝም።

ጆሮዬ ስር ጠጋ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ አጎት ከየት አመጣሽ?»

«ታምሩ ነው የሠራልኝ፣ እትዬ» አልኳቸው።

አዩኝ፣ ኩሬውን አዩ፣ የተቆረሰውን ጭኮ አዩ፣ ከንፈራቸው ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

በመጨረሻ ከጋቢናው የወረደው ጓድ አበራ ነው፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር። ሰዉ ሁሉ ለቅሶ ሲሄድ ስብሰባው ባዶ ሊቀርበት ሆነና ከሕዝቡ ጋር ተሳፍሮ መጣ። የሰፈር ልጅ ነው፤ ከደረጀ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጦ የተማረ። ሹመቱ በኋላ ነው የመጣው፤ በዚያ ጊዜ ማንንም አልነካም ይባላል፣ ለማንም አፉን አልከፈተም እንጂ።

«ጓድ ታምሩ፣ ለቅሶ ቤቱ የት ነው?» አለ።

ጫካ ነው። ጎጆ የለ፣ አጥር የለ፣ ጭስ የለ። ታምሩ ወደ ዛፎቹ አየ፣ ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ ውሃው አየና፦

«ሰጥመው ነው» አለ። «እዚሁ ውሃ ውስጥ።»

ወይ አምላኬ፣ ይህን ሰው ዝም የሚያሰኘው የለም። ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ ለቅሶው በእጥፍ ጨመረ። የዕድሩ ወንዶች ደግሞ ጨዋ ናቸው፤ ሬሳ ውሃ ውስጥ እያለ ዳር ቆመው አያለቅሱም። ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ የድንኳኑን ገመድ ወገባቸው ላይ አስረው ገቡ። ታምሩም ራሱ ገባ፤ የፈጠረውን ሰው ሊፈልግ። በእግራቸው ጭቃውን ይዳብሳሉ፣ በዱላ ይወጉታል። አንዱ «ያዝኩት» አለና አንድ የበሰበሰ ጉቶ ጎትቶ አወጣ።

ይህን ሁሉ ሰምተው ከጫካው ማዶ ኦቦ ከድር መጡ። ኩሬው አጠገብ ከብት የሚያረቡ ሽማግሌ ናቸው። በዚያ አገር ዋይታ የሰማ ሰው ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ እሳቸውም የማለቢያ ዕቃውን በእጃቸው እንደያዙ ነው።

«ማል ታታን? ምን ሆናችሁ?» አሉ።

«ሰው ሰጥሞ ነው፣ ኦቦ» አለ ጓድ አበራ።

«ረቢ ሰብሪ ኢሲኒፍ ሃ ኬኑ። አላህ ትዕግሥቱን ይስጣችሁ። የት ነው የሰጠመ?»

«እዚህ።»

ኦቦ ከድር ውሃው ውስጥ የቆሙትን ወንዶች አዩ። ሁሉም ጉልበታቸው ድረስ ነው፤ መሀል ድረስ የገባው አንድ ብቻ ወገቡን ነክቶታል።

«ይሄ ውሃ?» አሉ። «ይሄ ውሃ ጥጃ አያሰጥምም እኮ። ክረምትም ከዚህ አያልፍ። እኔ እዚሁ ነው ያደግሁ። ሰውዬው ተኝቶ ነው የጠጣው?»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ውሃው ውስጥ ያሉት ወንዶች እግራቸውን አዩ።

ጓድ አበራ ቀስ ብሎ ወደ ታምሩ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል።

«ጓድ ታምሩ። ሬሳው የት አለ?»

ያኔ ነው ሳቁ ከሆዴ የጠፋው። ቀበሌን ዋሽቶ ከስብሰባ መቅረት አንድ ነው። መሶብ ሙሉ ስንቅ ይዞ ጫካ መግባት ግን ሌላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ጫካ ውስጥ ስንቅ የሚወሰደው ለሸፈተ ሰው ነው እንደሚባል ማንም ያውቃል። ለዚህ ሰው ይታሰራል፣ ታስሮም የት እንዳለ አይጠየቅም።  ያ ሁሉ ዛቻዬ፣ አንድ ቀን ብዬ ያዋከብኩት፣ ትዝ አለኝ። በእኔ ነው። ግን ይቅርታ አልጠይቅም አልኩ። ማንም አልሞተም፣ እኔ ነኝ ውሰደኝ ያልኩት፣ ጉሬዛ ማየት ካሳሰረ እኔን እሰር፣ ብዬ ልናገር አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄድኩ።

እትዬ ዘነበች አንጓዬን ያዙኝ። እጃቸው እንዲህ ብርቱ መሆኑን አላውቅም ነበር።

«አበራ» አሉት። ጓድ አላሉም። «ሬሳ የሌለው ለቅሶ አታውቅም እንዴ?»



እትዬ ዘነበች ውሃው ዳር ሄደው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱና እጥፍጥፍ አድርገው ጭናቸው ላይ አኖሩት።  ከዚያ «ደረጀ» አሉ፣ ከጓሮ እንደሚጠሩት። እንደገና «ደረጀ» አሉ። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ተሰነጠቀ፤ ያ ስድስት ዓመት የደረቀ ዓይን ተከፈተ።

«እትዬ» አለ አበራ፣ «ይሄ… ይሄ አይፈቀድም። ተዉ እባክዎ።»

እኔን የዚያን ጊዜ ያዘኝ። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ ንዴት ነው መሰለኝ። ወደ ታምሩ ሄጄ ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አወጣሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? አበራ አፍንጫ ሥር ዘረጋሁት።

«አንብብ» አልኩት። «ምክንያት፦ ለቅሶ። ይላል አይልም?»

«ይላል፣ ግን የአጎትሽ…»

«አጎት የሚል የት አለ? የማንም ስም የለበትም። ለቅሶ ብቻ ነው የሚለው። ፊርማው ያንተ ነው፣ ማኅተሙ ያንተ ነው። ለቅሶ ልንሄድ ነው አልን፣ ፈቀድክ፣ መጣን። እንግዲህ እናልቅስበት።»

ከዚያ አለቀስኩ። አላለቅስም ብዬ የነበርኩት ሴትዮ ሄጄ ከእትዬ ዘነበች አጠገብ ተቀመጥኩና ጮኼ አለቀስኩ። ደረጀ ትንሽ ሆኖ ካርታ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ለአንድም ቀን አላለቀስኩለትም፤ ፈርቼ። ሴቶቹ አንድ በአንድ መጡ። ዝም ብለው ነበር የመጡት፤ ደረት መድቃት የለ፣ ሙሾ የለ፤ ስሙን ብቻ ነው የሚጠሩት። ወንዶቹ ከውሃው ወጡ። ማንም ሳያዛቸው ድንኳኑን ከኤንትሬው አወረዱና ከእትዬ ዘነበች ራስ በላይ ተከሉት። ገመዱ እርጥብ ስለሆነ አስቸግሯቸው ነበር፤ ኦቦ ከድር ካስማ ጠርበው አመጡላቸው።

አበራ ወረቀቱን እንደያዘ ከድንኳኑ ውጭ ቆሟል። ኦቦ ከድር ሁሉም ነገር ሳይነገራቸው የገባቸው ይመስለኛል። በማለቢያው ያለውን ወተት ሰጡትና፦

«ጠጣ፣ ልጄ» አሉት። «አንተም ለቅሶ ላይ ነህ።»

ጠጣ። ከዚያ ፊቱን ወደ ዛፎቹ አዞረ።

ለቅሶ ሲበርድ ሰው ይርበዋል፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። መሶቡን ከፈትኩ። ጭኮው ለአራት ሰው የታሸ ነው፣ ግን ለሁሉም ደረሰ፤ ኦቦ ከድር እርጎ ጨመሩበት። ቀይ ሻሼን ፈልጌ አሰርኩ። ነገ ምን ይሉኛል አላልኩም። ድምፅ ሲጠፋ ጉሬዛዎቹ ተመለሱ። እናቲቱ ልጇን ይዛ ከድንኳኑ በላይ ያለው ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዳንኤል «እዪ፣ እዪ» እያለ እትዬ ዘነበችን በጉንጫቸው ይዞ ራሳቸውን ወደ ላይ አቃናው። አዩ። ብዙ ጊዜ አዩ።

«ነጭ ነው የሚወለደው?» አሉ።

«ነጭ ነው» አለ ዳንኤል፣ እሱ የሠራው ይመስል።

ከዕድራችን ሴቶች አንዷ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃው ውስጥ ስትከት አየሁ። ሌላዋም ተከተለቻት። አርሲን በለቅሶ የማውቃት እኔ ብቻ አልነበርኩም።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ድንኳኑ ፈረሰ፤ ልንሳፈር ስንል የዕድሩ ጸሐፊ አቶ ለገሠ ትልቁን መዝገብ ከጋቢናው አወጡ። ጥንቁቅ ሽማግሌ ናቸው፤ ጡሩምባ ተነፍቶ ድንኳን የተተከለለት ሟች ስሙ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር አይኬድም፣ የዕድሩ ደንብ ነው። የመኪናው አፍንጫ ላይ መዝገቡን ዘርግተው እስክሪብቶአቸውን ነከሱ። እኔንና ታምሩን አዩ።

«የሟች ስም?» አሉ።

ታምሩ አፉን ሊከፍት ሲል እግሩን ረገጥኩት።

«ደረጀ» አሉ እትዬ ዘነበች። የአባቱን ስም ጨመሩ፣ የአያቱንም። «ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ። የእኔ ልጅ።»

አቶ ለገሠ እስክሪብቶውን እንደያዙ ቀና ብለው አበራን አዩት። ሁላችንም አየነው። አበራ ጉሬዛዎቹን ነበር የሚያየው። ፊቱን ሳያዞር፣

«የአያቱ ስም በንጉሡ «ሠ» ነው የሚጻፈው፣ አትሳሳቱ» አለ። «ትምህርት ቤት አስተማሪዎቹን ሁልጊዜ ያርማቸው ነበር።»

አቶ ለገሠ ጻፉት።